የጋዜጠኝነት ተመራቂ ወደ ሥራ ገበያ ከመግባቱ በፊት የትኛውን የዲጂታል ክህሎት ቢማር ይጠቅመዋል?

የደምቢያ ተማሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በዚህ ዓመት መጨረሻ የመውጫ ፈተና ወስጄ ለመመረቅ በዝግጅት ላይ እገኛለሁ። ባለፉት ዓመታት የዜና አጻጻፍን፣ የሚዲያ ሕግንና ሥነ ምግባርን፣ የሬድዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ዝግጅትን ተምረናል፤ ለዚህም መምህራኖቼን አመሰግናለሁ። ነገር ግን በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የሚጠየቀውንና በእጄ ያለውን ሳነጻጽር ስጋት ይይዘኛል። ቀደም ሲል ሪፖርተር ወይም አዘጋጅ ይባል የነበረው የሥራ መደብ አሁን የዲጂታል ሚዲያ ባለሙያ ወይም የሶሻል ሚዲያ ኦፊሰር እየተባለ ይወጣል፤ ከሥሩም ቪዲዮ ማቀናበር፣ ግራፊክስ መሥራት፣ ድረ ገጽ ማስተዳደር፣ መረጃ ማጣራት፣ ዳታ መተንተንና የተከታይ ቁጥር ማሳደግ በአንድ ሰው ላይ ተደርድረው ይገኛሉ።

ያለኝ መሣሪያ መካከለኛ አቅም ያለው የአንድሮይድ ስልክ ነው፤ ላፕቶፕ የማገኘው ከጓደኛዬ በውሰት ነው። የኢንተርኔት ጥቅል የምገዛው ከቤት ከሚላክልኝ ገንዘብ ቀንሼ ስለሆነ፣ ረጃጅም የቪዲዮ ትምህርቶችን እንደ ልቤ መከታተል አልችልም። እስካሁን በነጻ ከሚሰጡ ኮርሶች ጥቂት የምስክር ወረቀቶችን አግኝቻለሁ፤ በ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ውስጥም የዳታ ትምህርቱን ጀምሬያለሁ። ይሁን እንጂ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውም ያስፈልጋል ስለሚባል ጊዜዬን በየአቅጣጫው እየበተንኩት እንዳልሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ በሙያው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ የምፈልገው ይህን ነው። በቀሩኝ ወራት በየትኛው ክህሎት ላይ ላተኩር? ቀጣሪዎች የአመልካችን ማስረጃ ሲመለከቱ በእርግጥ ሚዛን የሚሰጡት ለምንድን ነው? የራሴን የቲክቶክ ወይም የቴሌግራም ቻናል ከፍቼ ተከታይ ባፈራ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርልኛል? ቤተሰቦቼ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በደምቢያ ስለሚኖሩ ከምርቃት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት የማሳልፈው እዚያ ነው፤ ከአዲስ አበባ መራቄ ዕድሌን ያጠብበው ይሆን የሚለውም ያሳስበኛል።

የዲጂታል ዴስክ አዘጋጅ

እኅቴ፣ አቅምሽንና ጊዜሽን ዘርዝረሽ ስለነገርሽን መልስ መስጠቱ ቀሎልናል። እኔ በአንድ የዜና ተቋም የዲጂታል ክፍል አዘጋጅ ስሆን፣ ለተለማማጅነትና ለጀማሪ ዘጋቢነት የሚገቡ ማመልከቻዎችን ከሚመለከቱ ሰዎች አንዱ ነኝ።

በመጀመሪያ የምስክር ወረቀት መሰብሰቡን ለጊዜው አቁሚው። የምስክር ወረቀቱ ትምህርቱን መከታተልሽን ይነግረኛል እንጂ፣ አንድ ጉዳይ ይዘሽ፣ ሰው አነጋግረሽ፣ ማስረጃ አገናዝበሽ፣ በተባለው ሰዓት ጽፈሽ ማስረከብ መቻልሽን አይነግረኝም። ማመልከቻ ሲደርሰኝ አስቀድሜ የምከፍተው የሥራ ናሙናውን ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት በሚገባ የተጠናቀቁ ዘገባዎች ያሏት አመልካች የምስክር ወረቀት ብቻ ከደረደረው ትቀድማለች። ስለዚህ ክህሎቱን ሁሉ አስቀድመሽ ተምረሽ በኋላ ጉዳይ ከምትፈልጊ፣ አንድ ጉዳይ ያዢና ጉዳዩ ራሱ የሚጠይቅሽን ክህሎት ተማሪ።

አንቺ ደግሞ ጉዳዩ ከደጅሽ ነው። የእምቦጭ አረም በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዘመቻ ሲነቀል፣ ማሽን ሲገዛለት፣ ገንዘብ ሲሰበሰብለት ቆይቷል፤ አብዛኛው ዘገባ ግን በዘመቻው ዕለት ተጽፎ በዘመቻው ዕለት ያበቃል። አረሙ የያዘው ስፍራ ከዓምና ዘንድሮ ሰፍቷል ወይስ ጠብቧል? የተነቀለው አረም የት ተከመረ፣ ዝናብ ሲመጣስ ተመልሶ ወደ ሐይቁ አልገባም? ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን የሚያስጠጋበት ዳርቻ ተዘግቶበታል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ብቻ በሚገባ የሚመልስ ሰው የለም። ከከተማ መራቅሽ ዕድልሽን ያጠብበዋል ብለሽ የሰጋሽው ለዚህ ጉዳይ ሲሆን የተሻለ ቦታ ላይ ያስቀምጥሻል።

የአረሙን ስፋት ለማየት የአውሮፓ ኅብረት የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ምስል ኮፐርኒከስ ብራውዘር በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ሳተላይቶቹ በአንድ ስፍራ ላይ በየ5 ቀኑ ገደማ የሚመላለሱ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በደንብ በሚታይባቸው የብርሃን ክፍሎች እያንዳንዷ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ትወክላለች። በክረምት ደመናው ሐይቁን ስለሚሸፍነው፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያሉትን ጥርት ያሉ ቀናት መርጠሽ የተለያዩ ዓመታትን ተመሳሳይ ወር ጎን ለጎን ታስቀምጫለሽ። የዕፅዋትን ልምላሜ የሚለየውን የምስል ዓይነት ስትመርጪ ውኃው ጠቆር ብሎ፣ ዕፅዋቱ ደመቅ ብሎ ይታያል። ነገር ግን ሳተላይቱ ደንገልንና ሌላውን የሐይቅ ዳር ሣር ከእምቦጭ በራሱ አይለይልሽም፤ የሩዝ ማሳም በውኃ ተሸፍኖ ሲለመልም ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የአካባቢው ጸጥታ የሚፈቅድልሽ እንደሆነ በእግርሽ ሄደሽ ታያለሽ፣ ገበሬውንና ዓሣ አስጋሪውን ትጠይቂያለሽ፣ በሐይቁ ላይ ጥናት የሚያካሂዱ ምሁራንንም ታነጋግሪያለሽ። ይህን አንድ ሥራ በሚገባ ብትጨርሺው ካርታ ማንበብን፣ ምስል ማወዳደርን፣ ቃለ መጠይቅ መቅዳትንና በዲጂታል መልክ ማቅረብን በአንድ ላይ ተምረሽዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር መረጃ ማጣራት ነው። በእኔ ግምት ዛሬ በእኛ ሀገር ለአንድ ጀማሪ ከሁሉም የሚቀድመው ክህሎት ይህ ነው፤ ይህን የምለውም ቪዲዮ ማቀናበርን የሚያውቅ ወጣት በብዛት ሲመጣ፣ የመጣለትን ምስል ከማውጣቱ በፊት የት እና መቼ እንደተነሣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት በመሆኑ ነው። ለአመልካቾች በምንሰጠው ፈተና ላይ አንድ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር የቆየ ፎቶ እናቀርባለን፤ የምናየውም መልሱን ብቻ ሳይሆን የሄዱበትን መንገድ ነው። አንድ ምስል ከዚህ በፊት የት እንደወጣ የሚፈልጉት ጉግል ሌንስ፣ ያንዴክስና ቲንአይ የተለያየ ውጤት ስለሚሰጡ በአንዱ ብቻ አለመቆም፣ ቪዲዮ ሲሆን ደግሞ ኢንቪድ በተባለው መሣሪያ ወደ ነጠላ ምስሎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን መፈለግ ያስፈልጋል። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ፣ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል በውስጡ የነበረውን የቀንና የቦታ መረጃ ያጣል፤ ስለዚህ ባለቤቱን አግኝተሽ ዋናውን በፋይል መልክ እንዲልክልሽ መጠየቅን ልማድ አድርጊው። ዋናው ሲደርስሽ ደግሞ ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጆች አቆጣጠርና በ24 ሰዓት መሆኑን አስታውሺ። 11/09/2024፣ 07:30 የሚል ብታዪ በእኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1:30 ነው፤ «ሰባት ሰዓት ተኩል» ብለሽ የጻፍሽ እንደሆነ የዓይን ምስክሩ ከሚነግርሽ ጋር አይገጥምም።

በዚህ ዘርፍ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚቻል ለማየት የቢቢሲ አፍሪካ አይ ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. የሠራውን የካሜሩን ምርመራ ተመልከቺ። ሴቶችና ሕፃናት ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ መንግሥት ሐሰት ነው ባለበት ወቅት፣ ጋዜጠኞቹ ከበስተጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ከጉግል ኧርዝ ጋር አስተያይተው ቦታውን ለዩ፤ ሰዎቹ ከጣሉት ጥላና በሳተላይት ምስል ላይ ከሚታዩት የቤቶችና የመንገድ ለውጦች ደግሞ ወቅቱን አጠበቡት። በ2020 እ.ኤ.አ. በጉዳዩ ወታደሮች ተፈርዶባቸዋል። ይህ ሥራ የተሠራው በአብዛኛው ማንም ሰው በነጻ ሊያገኛቸው በሚችሉ መሣሪያዎች ነው። በሀገራችንም ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ የሚያወጧቸውን ማጣሪያዎች እየተከታተልሽ፣ መደምደሚያውን ሳታነቢ በፊት ራስሽ ሞክሪና ከእነርሱ ጋር አነጻጽሪ።

ቁጥርና ዜና

አዘጋጁ ስለ ጉዳይ መያዝ በተናገሩት እስማማለሁ፤ ስለ ዳታ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የጀመርሽውን የዳታ ትምህርት አታቋርጪው፤ ይሁን እንጂ ለጋዜጠኛ ፕሮግራም ከመጻፍ በፊት ኤክሴልን አጥርቶ ማወቅ ይቀድማል። መደርደር፣ ማጣራት፣ በመቶኛ ማስላትና በየወረዳው ጠቅልሎ ማየት የሚችል ሰው በአብዛኛው የዜና ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገውን ይዟል። ጉግል ሺትስ በስልክም ይሠራል፤ በትንሽ ስክሪን ትዕግሥት ቢጠይቅም።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው የቁጥሩ ትርጉም ነው። የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወረደ ሲባል «ዋጋ ቀነሰ» ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። በ100 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 130 ብር ከገባ፣ በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ ሲጨመርበት 156 ብር ይሆናል፤ የቀነሰው የዋጋው የአጨማመር ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ይህን ለአንድ የገበያ ሴት በማያሳፍር አማርኛ ማስረዳት የሚችል ዘጋቢ በየትኛውም ዴስክ ላይ ዋጋ አለው። እንዲሁም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ ከ57 ብር እምብዛም ያልራቀ ስለነበረና ከዚያ ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ስለተለቀቀ፣ በዚህ ቀን ግራና ቀኝ ያሉ የብር መጠኖችን እንዲሁ አነጻጽሮ «በእጥፍ አደገ» ማለት አንባቢን ያሳስታል።

የሕዝብ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ የሀገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምንሰማቸው ቁጥሮች በሙሉ ትንበያዎች ናቸው። በወረዳ ደረጃ «ከመቶ ሰው ይህን ያህሉ» ብለሽ ስትጽፊ አካፋዩ ትንበያ መሆኑን ለአንባቢ መናገር ግዴታሽ ነው። የመሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ደግሞ ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት» የሚባለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ነው፤ የዓለም ባንክ ሠንጠረዥ ላይ ካለው ዓመት ጋር በቀጥታ አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ አይቻልም። እነዚህን ነገሮች የውጭ ኮርስ አያስተምርሽም፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትንና የብሔራዊ ባንክን ሪፖርቶች አውርደሽ ሠንጠረዡን ራስሽ ስትሠሪው ነው የሚገባሽ።

ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር አለ። አማርኛን በዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ በአንድ ዓይነት እንዲነበብ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት፣ በትክክል መጻፍ ልመጂ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ፤ የተቋማት መዛግብት ውስጥ እንዲህ ያለ ፋይል ብዙ ነው፣ ወደ ዩኒኮድ መመለስ የሚችል ሰውም ይፈለጋል። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አራት ነጥብን በራሱ ምልክት መጻፍ እንጂ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መምታት አይገባም፤ መስመር ሲሞላ ይበጣጠሳል፣ የፍለጋ መሣሪያም አያውቀውም። ደግሞም ሐይቅን አንዱ በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ሀ» ወይም በ«ኃ» ስለሚጽፈው፣ በድረ ገጽ ላይ መረጃ ስትፈልጊ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሪ። ስትጽፊ ግን አንዱን መርጠሽ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው በእርሱ ጽኚ።

የሬድዮ ዘጋቢ

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ ከሁለቱም በመጠኑ እለያለሁ። አንድ ዘርፍ ይዞ መጥለቅ ትልቅ ዴስክ ላላቸው ተቋማት የሚስማማ ምክር ነው። በክልልና በማኅበረሰብ ሬድዮ ጣቢያዎች፣ በትናንሽ የበይነ መረብ ሚዲያዎች ደግሞ አንዱ ሰው ራሱ ይቀዳል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይለጥፋል። አብዛኛው ተመራቂ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው እዚህ ስለሆነ፣ ከአንዱ ጠልቀሽ ሌሎቹን ቢያንስ የማያሳፍር ደረጃ ላይ ማድረስ አለብሽ። እንደ እኔ ከሆነ ከምስል በፊት ድምፅ ይቅደም፤ ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ያሳልፈዋል።

በእጅሽ ያለው ስልክ ለዚህ ይበቃል። ከመቅዳትሽ በፊት የበረራ ሁነታ ላይ አድርጊው፣ አለበለዚያ በዋናው ንግግር መካከል ስልክ ይደወላል። ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ፣ ነፋስ በማይገባበት በኩል ያዢው። ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ድምፅ ስለሚያስተጋባ አልጋ ወይም መጋረጃ ያለበትን ክፍል ምረጪ፤ የራስሽን ንባብ ስትቀጂ ደግሞ ጋቢ ተከናንበሽ ብትቀጂው ልዩነቱን ትሰሚዋለሽ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሰው ሳይናገር የአካባቢውን ድምፅ ብቻ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቅጂ፤ የሐይቁ ውኃ፣ የመቅዘፊያው፣ የገበያው ድምፅ ስታቀናብሪ መሸጋገሪያ ይሆንሻል። ለማቀናበሪያ ኦዳሲቲ በነጻ የሚገኝና በደካማ ኮምፒውተር ላይም የሚሠራ ነው፤ ለቪዲዮ በስልክሽ ካፕከት በቂ ነው። ለስልክ ተመልካች የሚሠራው ቪዲዮ ቁመቱ 1920፣ ወርዱ 1080 ሲሆን፣ ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ጨምሪበት፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ።

ሌላው በእኛ ሀገር መዘንጋት የሌለበት ነገር የመስመር መቋረጥ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ሥራቸው በአንድ መድረክ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ልጆች አንባቢያቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የሠራሽውን ሁሉ በስልክሽና በሚሞሪ ካርድ ላይ ቅጂ አስቀምጪ፣ ኢንተርኔት በሌለበት በተራ የስልክ ጥሪ የሁለት ደቂቃ ዘገባ አጥርቶ ማስተላለፍንም ተለማመጂ። ይህን የሚችል ዘጋቢ ያለው ጣቢያ በክፉ ቀን አይዘጋም።

ስለ ሰዎች ደኅንነትም ልናገር። በቴሌግራም የሚደረግ ተራ ንግግር ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተመሰጠረ አይደለም፤ እንዲያ የሚሆነው «ምስጢራዊ ውይይት» የሚለውን ከመረጥሽ ብቻ ነው፤ ሲግናል ግን ሁሉንም ንግግር ይመሰጥራል። የሁሉም አካውንቶችሽ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቀው፣ የበራ ይሁን። ስሙ እንዳይጠቀስ የለመነሽን ሰው ፊቱን ብቻ አደብዝዘሽ ቤቱን፣ ልብሱንና ድምፁን ብታሳዪ ጎረቤቱ ወዲያው ያውቀዋል። አንቺ ከዘገባው በኋላ ወደ ከተማ ትመለሻለሽ፤ እርሱ ግን እዚያው ነው የሚኖረው።

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ

አንድ እውነት ሳይነገር እንዳይታለፍ ነው የምጽፈው። ብዙዎቻችን የጋዜጠኝነት ተመራቂዎች የተቀጠርነው በዜና ተቋም ሳይሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በባንክ፣ በሆስፒታልና በግብረ ሰናይ ድርጅት የኮሙኒኬሽን ክፍል ነው። እዚያም ቢሆን ከላይ የተጠቀሱት ክህሎቶች በሙሉ ያስፈልጋሉ፤ በተለይ አንድን የ40 ገጽ ሪፖርት አንብቦ ሕዝቡ የሚፈልገውን ሦስት አንቀጽ ማውጣት። ነገር ግን የቻናል ተከታይ ቁጥርን በማስረጃነት የምታቀርቢ ከሆነ፣ ተከታዩ በምን ይዘት እንደመጣ መጠየቅሽ አይቀርም። ከሌላ ቦታ በተቀዱ ቪዲዮዎች የመጣ ተከታይ በቅጥር ኮሚቴ ፊት አይረዳሽም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባለበት ሀገር ሊጎዳሽም ይችላል።

የደምቢያ ተማሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእምቦጩን ጉዳይ ለመያዝ ወስኛለሁ፤ አጎቴ ዓሣ አስጋሪ ስለሆነ ከእርሱና ከባልደረቦቹ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። አንደኛው፣ ቃለ መጠይቆቼን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥና ረቂቄን ለማረም በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ብጠቀም ቀጣሪ ይከፋዋል ወይ? ሁለተኛው፣ ያለ ተቋም ሽፋን በራሴ ቻናል ዘገባ ባወጣ በሕግ በኩል ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

የዲጂታል ዴስክ አዘጋጅ

እኅቴ፣ በመጀመሪያ አጎትሽን በሚመለከት፦ መንገድ ያሳይሽ፣ ሰዎችን ያስተዋውቅሽ፤ የዘገባው ምስክር ግን እርሱ አይሁን። ሌሎች አስጋሪዎችን አነጋግሪ፣ ለምታቀርቢለት አዘጋጅም ዝምድናውን አስቀድመሽ ንገሪው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ መጠቀምሽን መደበቅሽ እንጂ መጠቀምሽ አይደለም የሚያስከፋው። የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ስህተታቸው ግን ገና ብዙ ነው፣ በተለይ የአነጋገር ዘዬ ሲኖርና የቦታ ስም ሲመጣ። ስለዚህ ጽሑፉን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አታድርጊው፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የምታስገቢውን እያንዳንዱን ቃል ቅጂውን መልሰሽ ሰምተሽ አረጋግጪ። ስሙ እንዲደበቅ የተስማማሽለትን ሰው ድምፅ ደግሞ ወደ እንዲህ ያለ አገልግሎት ፈጽሞ አትጫኚ። ያልተባለ ጥቅስና የሌለ ጥናት በልበ ሙሉነት ስለሚፈጥሩም፣ ከእነርሱ የወሰድሽውን ማንኛውንም ፍሬ ነገር ከምንጩ ሳታገኚ አትጻፊ።

በሕጉ በኩል የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንና የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ራስሽ አንብቢያቸው፤ ስለ እነርሱ የተጻፈ ማብራሪያ ብቻ አንብበሽ አትለፊ። የመጨረሻው አዋጅ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ መረጃ የሚያሰራጭን ሰው ይቀጣል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሲሆን ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። «ማወቅ ሲገባው» የሚለው ሐረግ ነው አንቺን የሚመለከተው፤ ምስሉን እንዴት እንዳጣራሽ፣ ማንን መቼ እንዳነጋገርሽ፣ ምላሽ የጠየቅሽው ባለሥልጣን ምን እንዳለ በቀኑ የተጻፈ ማስታወሻ ይኑርሽ። ይህ ማስታወሻ ለሕጉም ለአዘጋጁም ያገለግላል፤ እኔ ራሴ ከጀማሪ ዘጋቢ ሥራ ስቀበል ከጽሑፉ ጋር እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።

በራስሽ ቻናል ከማውጣትሽ በፊት ግን ለተቋማት አቅርቢው። ለአዘጋጅ የምትልኪው ደብዳቤ አጭር ይሁን፦ ምን አዲስ ነገር እንዳገኘሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በምን ማስረጃ እንደደገፍሽው፣ እነማንን እንዳነጋገርሽ፣ ምን ያህል ቃል፣ ፎቶና ድምፅ እንዳለሽ፣ መቼ እንደምታስረክቢ። ለአንዱ ልከሽ መልሱን ሳታገኚ ለሌላው አትላኪ፤ ነገር ግን የምትጠብቂበትን ቀን በደብዳቤው ላይ ወስኚ፣ ቀኑ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ሂጂ። ማንም ካልወሰደው ያን ጊዜ በራስሽ ስም አውጪውና አድራሻውን በማመልከቻሽ ላይ አስቀምጪ።

ቁጥርና ዜና

የሳተላይት ምስሎቹን ስትመርጪ ሁለቱም ከአንድ ወር መሆናቸውን፣ የሐይቁ የውኃ ከፍታም ተቀራራቢ መሆኑን አረጋግጪ፤ ውኃው በሸሸበት ዓመት ዳርቻው ላይ የበቀለ ሣር አረሙ የሰፋ ሊያስመስለው ይችላል። የመረጥሻቸውን ቀናትና ያገኘሽውን ስፋት በሠንጠረዥ አድርገሽ እዚህ ብትለጥፊው ስሌቱን አብሬሽ እፈትሸዋለሁ።